ተሻጋሪዎች የጻፉት ወንዝ

ዋግ ውስጥ፣ ሰቆጣ ላይ ቆሞ ተከዜን ማየት አይቻልም። ከተማዋ ከ2,200 ሜትር በላይ ደጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ወንዙ ከእሷ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በዝቋላና በአበርገሌ ቆላ ያልፋል። የዋግ ሰው ተከዜን የሚያውቀው ወርዶ ነው።

ስለ ወንዙ የተጻፈውን ደርድረን ስናነብ ግን ብዕሩን የያዘው አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛ ሆኖ እናገኘዋለን። ቀዳሚዎቹ የአክሱም ነገሥታት ናቸው። ስሙ ያልታወቀ አንድ ንጉሥ አዱሊስ ላይ በግሪክኛ ባስቀረጸው የድል ጽሑፍ፣ ከዓባይ ማዶ በረዷማ ተራሮች ላይ የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች እንዳስገበረ ይናገራል። ከአክሱም ተነሥቶ ወደ ስሜን የሚዘምት ሰው የሚሻገረው ተከዜን ነውና፣ ንጉሡ ዓባይ ያለው እሱን መሆን አለበት። ድንጋዩ ጠፍቷል፤ ቃሉ የተረፈው ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን ስለገለበጠው ነው። ዔዛናም በ4ኛው መቶ ዘመን ባስቀረጸው ጽሑፍ ከኖባ ሰዎች ጋር የተዋጋበትን የተከዜ መልካ በስሙ ይጠራል።

ከዚያ ብዙ ዘመን እንዝለልና ወደ ጄምስ ብሩስ እንሂድ። ስኮትላንዳዊው በጥር 1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር ሲያልፍ ተከዜን የተሻገረው ከዋግ በታች ባለው በኩል ነበር፤ በዳሩ ስላሉት ዛፎች፣ ስለ አዞውና ስለ ጉማሬው ጽፏል። አብሮት የቦሎኛው ሰዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበረ። ዕፅዋቱን ቅጠል በቅጠል፣ አበባውን ከነፍሬው የሣለው እሱ ነው። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ያሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ግን ሥዕሎቹን የራሱ አስመስሎ የሰዓሊውን ድርሻ ሸፋፈነው። ብሩስ ደፋር ተጓዥና ጥሩ ተራኪ ነበር፤ ይህን ግን ይቅር ለማለት ይቸግረኛል።

ሄንሪ ሶልት ለየት ይላል። ሥዕል የተማረ እንግሊዛዊ ነው፤ የመጀመሪያ ጉዞውን ሥዕሎች በ1809 በትልቅ አልበም አሳትሟል። በ1810 ከትግራይዋ ጨለቆት ተነሥቶ፣ አገዎች በሚኖሩበት አበርገሌ በኩል ተከዜ የወረደው ግን ጉማሬ ለማየትና ለማደን ነበር። ዳር ላይ ሆኖ ሲጠብቅ፣ እንስሳው ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚቆየው ከአምስት ወይም ከስድስት ደቂቃ እንደማይበልጥ አስተዋለ። ከፊቱ ከመጡት ይልቅ ወንዙን ረጋ ብሎ ያየው እሱ ይመስለኛል፤ የሚቸኩልበት ማዶ አልነበረውምና።

ወንዙ ምን እንደሚሠራ በግልጽ የጻፈው ደግሞ ዋግን ጨርሶ ያላየ ሰው ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር በሰኔ 1861 እ.ኤ.አ. ሱዳን ውስጥ፣ የተከዜ ውሃ ወደ አትባራ ገብቶ በሚያልፍበት በረሃ፣ በደረቀው ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰዎቹ «ወንዙ መጣ!» እያሉ ከአሸዋው ላይ ሽቅብ ሮጡ። ሲነጋ ወርዱ 450 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም ከ4 ሜትር በላይ የሆነ ደፍራሽ ውሃ ይጋልብ ነበር። እዚያ አንዲት ጠብታ አልዘነበችም። ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ግብፅን ያበቀለው ደለል በእነዚህ የሐበሻ ወንዞች እንደሚወርድ ቤከር የተረዳውም በዚህ ጉዞ ነው፤ ከዚያ አፈር ውስጥ የላስታም የዋግም ማሳ አለበት።

የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቁመቱ 188 ሜትር፣ ለማመንጨት የታቀደው ኃይል 300 ሜጋዋት ነው። ውሃው ወደ ዋግ ቆላዎች ተኝቶ ሐይቅ ሆኗል፤ የአበርገሌና የዝቋላ ወጣቶች በጀልባ ቆሮሶና አምባዛ ያጠምዱበታል፣ ዓሣውም ሰቆጣ ወጥቶ ይሸጣል። ተከዜ ከላይ የሚያወርደው ደለል አብዛኛው አሁን ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። በዋግ ተዳፋት ላይ የሚሠራው እርከን ለገበሬው የማሳ ጉዳይ ነው፤ ለግድቡም የዕድሜ ጉዳይ ነው።