የሠፈርዎን የኦሪየንቲሪንግ ካርታ ራስዎ ያዘጋጁ

ኦሪየንቲሪንግ ካርታና ኮምፓስ ይዘው የሚሮጡት ስፖርት ነው። ኮንትሮል የሚባሉት መድረሻዎች በካርታው ላይ በክብ ተመልክተዋል፤ በየት በኩል እንደሚደርስባቸው የሚወስነው ሯጩ ራሱ ነው። እግር ብቻውን አያዋጣም፤ አንድ መታጠፊያ የሳተ ፈጣን ሯጭ ቀስ ብሎ ባሰበው ይቀደማል።

ካርታው የራሱ ደንብ አለው። ነጭ ማለት ባዶ መሬት ሳይሆን እንደ ልብ የሚሮጥበት ደን ነው። ገላጣው ሜዳ ቢጫ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለው ደግሞ አረንጓዴ፣ በጠቆረ ቁጥር ማለፉ የሚከብድ። አቀበቱና ቁልቁለቱ በቡናማ መስመር፣ ውሃ በሰማያዊ፣ ድንጋይና ሰው ሠራሽ ነገር በጥቁር ይሳላል። የስልክ ካርታ አትሞ መሮጥ የማያዋጣው ለዚህ ነው፦ የካፌና የሱቅ ስም ይደረድራል እንጂ ጫካው ያሳልፍ አያሳልፍ አይነግርዎትም።

ለንደን ውስጥ ስትሪት ኦ የሚባል የጎዳና ውድድር አለ፤ በአብዛኛው ከሥራ በኋላ ማታ ይካሄዳል። ሯጩ ለምሳሌ 60 ደቂቃ ተሰጥቶት የቻለውን ያህል ኮንትሮል ያዳርሳል፤ ዘግይቶ ከገባ ነጥብ ይቀነስበታል። ኮንትሮሉ ላይ የሚተከል ምልክት ስለሌለ መድረሱ የሚረጋገጠው በጥያቄ ነው። የመብራት ምሰሶው ቁጥር ስንት ነው? በቀዩ የፖስታ ሣጥን ላይ የተቀረጸው የየትኛው ንጉሥ ምልክት ነው?

ለእንዲህ ያለ ከሠፈር ሠፈር የሚዘዋወር ውድድር በየጊዜው ባለሙያ ቀጥሮ ካርታ ማስነሳት አይታሰብም። ይህን ችግር ያቃለለው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪ የነበረውና ራሱም የስፖርቱ ሯጭ የሆነው ኦሊቨር ኦብራየን ነው፤ ኦፕን ኦሪየንቲሪንግ ማፕ የተባለውን ነፃ ድረ ገጽ ሠራ። የድረ ገጹ መረጃ የሚመጣው ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ይህን በበጎ ፈቃደኞች የሚሞላ የዓለም ካርታ ስቲቭ ኮስት በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረውም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። የካርታውን ዓይነት፣ መለኪያውንና የወረቀቱን መጠን መርጠው ሠፈሩ ላይ ያሳርፉታል። በ1:10,000 መለኪያ 1 ሴንቲ ሜትር 100 ሜትር ስለሆነ አንድ ኤ4 ወረቀት 2 ኪሎ ሜትር በ3 ኪሎ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ለአንድ ሰዓት ሩጫ ይበቃል። ከዚያ መነሻውንና ኮንትሮሎቹን በመዳፊት እየነኩ ያስቀምጣሉ፣ ፒዲኤፉን ያወርዳሉ። ሲያትሙ ግን ይጠንቀቁ፤ አታሚው ምስሉን ከገጹ ጋር ለማስማማት ካሳነሰው መለኪያው ይዛባል፣ ሯጩም ርቀቱን በተሳሳተ ልክ ይገምታል። በ100 በመቶ መታተሙን ያረጋግጡ።

ለጎዳና ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለደን ግን አልመክረውም፤ የቁጥቋጦውን ጥግግት ወይም የትንሿን ገደል ቦታ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የሚሞላ ሰው ጥቂት ነው። የደን ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ወይ ኦካድ የተባለውን የስዊዘርላንድ ሶፍትዌር ይገዛሉ፣ ወይ በነፃ የሚገኘውን ኦፕን ኦሪየንቲሪንግ ማፐር ይጭናሉ። እንግሊዝ ውስጥ ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካው የመሬት ከፍታ መረጃ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ በነፃ ስለተለቀቀ መነሻው ቀሏል። የቀረውን ካርታ ሠሪው ጫካው ውስጥ እየተመላለሰ በእግሩ ይጨርሰዋል፤ ሌዘሩ ቁልቁለቱን ይለካ እንጂ እሾሁ ያሳልፍ እንደሆነ አያውቅም።

መረጃው ዓለምን ስለሚሸፍን አዲስ አበባ ያለ አንባቢም ይህንኑ ዘዴ በሠፈሩ ሊሞክረው ይችላል። የሚያውቁት ቀጭን መንገድ ካርታው ላይ ከሌለ በኦፕን ስትሪት ማፕ ተመዝግበው ራስዎ ይጨምሩት፤ መመዝገቡ ነፃ ነው።