አምስቱ ሕዋሳት በእህል በረንዳ

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ፣ እህል በረንዳ ተብሎ በሚታወቀው ገበያ እህል ለመግዛት የሄደ ልምድ ያለው ሸማች፣ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የሚፈጽመው አንድ ሥርዓት አለ። ይኸውም እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ከጆንያው ውስጥ ይሰዳል፤ ከላይ ያለውን ትቶ ከሥር ያለውን ዘግኖ ያወጣል፤ ከጥላው ወጣ ብሎ በፀሐይ ብርሃን ይመለከተዋል፤ በመዳፉ ላይ አገላብጦ ያሸዋል፤ ወደ አፍንጫው አቅርቦ ያሸተዋል። ስንዴ ከሆነም አንድ ሁለት ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል፤ ሲሰበር የሚሰጠውንም ድምፅ ያዳምጣል። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል እንኳ አይፈጅም። ልብ ብላችሁ ብትቆጥሩ ግን በዚያች አጭር ጊዜ አምስቱም ሕዋሳት በየተራቸው ለምስክርነት ቀርበዋል። ለመሆኑ አንዱ ብቻ ለምን አልበቃውም?

ጥያቄውን ከመመለሳችን በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ሕዋስ» ከግዕዝ የመጣ ቃል ሲሆን፣ በቀድሞው አጠቃቀም የማየት፣ የመስማት፣ የማሽተት፣ የመቅመስና የመዳሰስ ችሎታን ያመለክታል። በባዮሎጂ ትምህርታችሁ ግን ይኸው ቃል የሕያዋን አካል የሚገነባበትን እጅግ ጥቃቅን ክፍል ለመሰየም ውሏል። አንድ ቃል ሁለት ሸክም ሲሸከም አንባቢ መደናገሩ አይቀርምና፣ በዚህ ምንባብ ሕዋስ ስንል የቀድሞውን ትርጉም ብቻ መያዛችን ነው።

ብዙ ሰው ዓይን እንደ መስኮት፣ ጆሮ እንደ በር ሆኖ፣ የውጭው ዓለም በእነርሱ በኩል እንዳለ ወደ ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አንጎል የሚኖረው በራስ ቅል ውስጥ ተዘግቶ፣ በጨለማና በጸጥታ ነው። ብርሃኑ ራሱ፣ ድምፁ ራሱ ከዚያ አይደርስም። የሚደርሰው በነርቮች አማካይነት የሚተላለፍ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ዓይን በስተኋላ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ለደብዛዛ ብርሃን የተመደቡ 120 ሚሊዮን ያህል፣ ለቀለም የተመደቡ 6 ሚሊዮን ያህል የብርሃን ተቀባዮች ይገኛሉ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን 1 ሚሊዮን ያህል ክሮች ብቻ አሉት። እንግዲህ አስቡት፤ ዓይን ያገኘውን ሁሉ አይልክም፤ መርጦና ጨምቆ ይልካል። አንጎልም የተላከለትን ቀድሞ ከሚያውቀውና በዙሪያው ካለው ጋር አስተያይቶ ይተረጉመዋል። መቀበል አንድ ሥራ፣ መተርጎም ሌላ ሥራ ነው፤ ሸማችም ብዙ ጊዜ የሚታለለው በሁለተኛው ላይ ነው።

ለዚህ ምስክር የምጠራው ራሴን ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ በዲፕሎማ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት፣ እናቴ ልትጠይቀኝ ከአገር ቤት ትመጣ ነበርና፣ ነጭ እንጀራ ላቀርብላት ፈልጌ ከደመወዜ ሲሶውን ይዤ ወደ ገበያ ወጣሁ። አንድ ነጋዴ ሦስት ጆንያ በተርታ ከፍቶ አስቀምጧል። ግራና ቀኝ ያሉት ቀይ ጤፍ ናቸው፤ ከመካከል ያለው ግን ነጭ ሆኖ ታየኝ። ጠይቄ ሳልጨርስ ዋጋውን ነገረኝ፤ የነጭ ጤፍ ዋጋ ነበር። ከፈልሁ። ከቤት እንደ ደረስሁ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ሊያበጥሩልኝ ከሰፌድ ላይ ዘርገፍ አደረጉትና ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩ።

«አይ ልጄ፣ ይኸ እኮ ሰርገኛ ነው። ማን ነው ነጭ ነው ያለህ?» አሉኝ።

«ማንም አላለኝም፣ እማማ፤ ዓይኔ ነው ያለኝ» ስል መለስሁላቸው።

በእርግጥም ሰውየው አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረም። ቀይና ነጭ የተደባለቀበትን ሰርገኛ ጤፍ በሁለት ቀይ ጤፎች መካከል ማኖሩ በቂ ነበር። ዓይን የአንድን ነገር ንጣት ብቻውን ለይቶ አይለካም፤ የሚለካው ከጎኑ ካለው ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ይህን በክፍላችሁ ውስጥ መፈተን ትችላላችሁ። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጮች ቁረጡ፤ አንዱን በነጭ፣ ሌላውን በጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጡ። በጥቁሩ ላይ ያረፈው የነጣ፣ በነጩ ላይ ያረፈው የጠቆረ ሆኖ ይታያችኋል። ሁለቱም ከአንድ ወረቀት መቆረጣቸውን እያወቃችሁም ቢሆን መታየቱን አይተውም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሸማች ጤፉን ከጆንያው ጎን ቆሞ አይፈርድበትም፤ በመዳፉ ይዞት ከጎረቤቶቹ ያርቀዋል። እናቴ እንጀራውን በልታ ስለ መልኩ ምንም ሳትል ጣዕሙን አመሰገነች፤ እኔ ግን የከፈልሁትን አውቅ ነበር።

ወደ እጅ እንመለስ። እጅ ከጆንያው ሥር የሚገባው ከላይ ጥሩው፣ ከታች መናኛው እንዳይሆን ለመፈተሽ ብቻ አይደለም። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ እህል ስለሚተነፍስና ሻጋታም ስለሚያበቅል ከውስጡ ይሞቃል። ከላይ ሲታይ ጤነኛ የሆነ ጆንያ መካከሉ ለብ ብሎ ከተገኘ ዓይን ያልተናገረውን እጅ ተናገረ ማለት ነው። ለመዳሰስ የጣት ጫፍ ከአብዛኛው የሰውነት ክፍል ይልቅ የተመረጠ ነው። በሁለት ሚሊሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት የእርሳስ ጫፎች ጣትን ሲነኩ ሁለት መሆናቸው ይታወቃል፤ በጀርባ ላይ ግን አራት ሳንቲሜትር ያህል እስኪራራቁ ድረስ አንድ ሆነው ሊሰሙ ይችላሉ። የብሬል ጽሑፍ በጣት እንጂ በክንድ የማይነበበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሆኖም እጅም ቢሆን የሚያወዳድር እንጂ የሚለካ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እንዳመለከተው፣ አንድ ውኃ ለአንዱ እጅ ሙቅ፣ ለሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። አንድ እጃችሁን በሙቅ፣ ሌላውን በቀዝቃዛ ውኃ ጥቂት አቆይታችሁ ሁለቱንም ለብ ካለ ውኃ ውስጥ ብታገቡ ታዩታላችሁ።

በገበያ ከሁሉ የከፋ ጣጣ የሚያመጣው ግን ክብደት ነው። ጀርመናዊው የሰውነት ጠባይ ተመራማሪ ኤርንስት ቬበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ሰው በእጁ የያዘው ነገር መክበዱን ወይም መቅለሉን የሚያውቀው ልዩነቱ ምን ያህል ሲሆን ነው ብሎ መረመረ። ያገኘውም መልስ፣ የሚታወቀው ልዩነት በግራም የተወሰነ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ከያዝነው ክብደት ጋር አብሮ የሚያድግ ድርሻ መሆኑን ነው። በእጅ ለሚነሣ ዕቃ ይህ ድርሻ ከመቶ ሁለት ያህል ነው። አሁን ይህን ወደ እህል በረንዳ አምጡት። ከአንድ ኪሎ ጨው ላይ መቶ ግራም ቢጎድል እጅ ያውቀዋል። መቶ ኪሎ ከሚመዝን ኩንታል ላይ አንድ ኪሎ ቢጎድል ግን፣ ዕድሜውን በሙሉ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ጠንካራ ወዛደር እንኳ በትከሻው ሊያውቀው አይችልም። ከመቶ ኩንታል ላይ እንዲህ እየተደረገ ቢቀነስ አንድ ሙሉ ኩንታል ጠፋ፤ የተሰማው ሰው ግን አንድም የለም። ሚዛን የተፈለገው ለዚህ ነው። መጠኑም ቢሆን ያታልላል፤ አንድ ኪሎ ጥጥ በትልቅ ከረጢት፣ አንድ ኪሎ ጨው በትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ ለጓደኛችሁ ብታስይዙት ጨው ይከብዳል ማለቱ አይቀርም።

አፍንጫ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ቶሎ ይሰለቻል። የሻገተ እህል ሽታ ከመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ ጥቂት ከቆያችሁ ግን እየደከመ ሄዶ ጨርሶ ይጠፋባችኋል። ሽታው አልጠፋም፤ የማይለወጥ ነገር አዲስ ወሬ ስለሌለው አንጎል መስማቱን ትቷል እንጂ። ነጋዴው «ምንም አይሸትም» ብሎ ሲምል ሁልጊዜ መዋሸቱ ላይሆን ይችላል። ስለሆነም ማሽተት የሚገባው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። አፍንጫ ሽታዎችን የሚለይባቸው የተቀባይ ዓይነቶች አራት መቶ ያህል ሲሆኑ፣ ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል እነዚህ ተቀባዮች የሚሠሩበትን መንገድ በመግለጣቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በርበሬ ከሚሸጥበት በኩል የሚያልፍ ሰው የሚያስነጥሰውና ዓይኑ የሚያነባው ግን በሽታ ብቻ ምክንያት አይደለም። በርበሬ ያቃጥላል እንላለን፤ አባባሉ ከምናስበው በላይ ትክክል ነው። በቆዳችንና በአፋችን ውስጥ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ የሚነቃ ተቀባይ አለ፤ ሥራውም ስለ ቃጠሎ ማስጠንቀቅ ነው። በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይህንኑ ተቀባይ ይከፍተዋል። ምልክቱ አንድ ስለሆነ አንጎል እሳትና ሚጥሚጣን አይለይም። የዚህን ተቀባይ ምንነት ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። የዶሮ ተቀባይ ግን በካፕሳይሲን አይነካም፤ ከደጅ የተሰጣ በርበሬ ዶሮ ሳይማረር ሲለቅም ያያችሁ እንደሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጆሮን በአጭሩ እንለፈው። ከኋላችሁ አንድ ተሸካሚ «ዞር በል!» ብሎ ሲጮኽ፣ ሳታስቡት ወደ ትክክለኛው ጎን ትሸሻላችሁ። ድምፁ ለአንዱ ጆሮ ከሌላው ቀድሞ ይደርሳል፤ የሚቀድመውም ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ነው። አንጎል ይህችን ልዩነት ወደ አቅጣጫ ይለውጣታል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ከአንድ ሰው ጋር ብቻ መነጋገር መቻላችንም የትርጉም ሥራ እንጂ የጆሮ አይደለም፤ ጆሮ ሁሉንም ይቀበላል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ የሚለው ነገር ስላለ ትምህርታችንን ለአፍታ ወደ ሰዋስው እንመልሰው። አየሁ፣ ሰማሁ፣ አሸተትሁ፣ ቀመስሁ፣ ዳሰስሁ ስንል የግሱ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ። ታየኝ፣ ተሰማኝ፣ ሸተተኝ፣ ጣፈጠኝ ስንል ግን ባለቤቱ ነገሩ ሲሆን፣ እኔ በግሱ መጨረሻ «ኝ» ሆኜ የምቀበል ብቻ ነኝ። ከእነዚህ ወገን ደግሞ «መሰለኝ» የሚል አለ። «ነጭ ጤፍ አየሁ» የሚልና «ነጭ ጤፍ መሰለኝ» የሚል ሁለት ሰዎች በአንድ ጆንያ ፊት ቆመው ይሆናል፤ ዓይናቸው የላከውም አንድ ነው። የመጀመሪያው ትርጉሙን ከነገሩ ጋር አንድ አድርጎታል፤ ሁለተኛው ለይቶ አስቀምጦታል። በድርሰታችሁ ያያችሁትን ስትገልጹ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመርጡ ተጠንቀቁ፤ እኔ በዚያን ዕለት የመረጥሁት የመጀመሪያውን ነበር።

ገዢው ከገበያው ርቆ ሲገኝስ? ከጎጃም እህል የሚልክ ነጋዴና ከአዲስ አበባ የሚገዛ ነጋዴ በአንድ ጆንያ ላይ አብረው እጃቸውን ሊሰዱ አይችሉም። በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ ጥናት ያካሄዱት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን እንዳሳዩት፣ ይህን ክፍተት ይሞላ የነበረው ደላላ ነው። እህሉን በአካል ተመልክቶ ጥራቱን የሚመሰክረው እርሱ ስለሆነ፣ ነጋዴው የሚከፍለው በሌላ ሰው ዓይንና እጅ ተማምኖ ነበር። እርሳቸው የመሠረቱትና በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደግሞ ምርቱ በናሙና ተመርምሮ ደረጃ እንዲወጣለት አደረገ። የእህል ርጥበት በመሣሪያ ይለካል፤ ክብደት በሚዛን ይታወቃል።

ለቡና ግን መሣሪያ ብቻውን አልበቃም፤ እስከ ዛሬም የሚፈርደው ሰው ነው። ቀማሹ የተቆላና የተፈጨ ናሙና በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ሲቀርብለት በመጀመሪያ ያሸተዋል፤ ከዚያም በማንኪያ ወስዶ በኃይል ድምፅ እያሰማ ይስበዋል። በማዕድ ፊት ነውር የሆነው ይህ አሳሳብ እዚህ ምክንያት አለው። ምላስ ጣፋጭን፣ መራራን፣ ጎምዛዛን፣ ጨዋማንና የሥጋ መረቅን የመሰለ ጣዕምን ይለያል እንጂ የይርጋ ጨፌን ከሐረር ቡና አይለይም፤ ያ ልዩነት በአብዛኛው የሽታ ነው። ቡናው በጠብታ ተበትኖ ሲገባ እንፋሎቱ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። ጉንፋን ሲይዛችሁ ወጥ ሁሉ አንድ የሚሆንባችሁም ለዚህ ነው። በሲኒው ላይ የባለቤቱ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል፤ የታወቀ ስም ያየ ሰው ምላሱ እንኳ ያደላልና። ከአንዱ ናሙና ከአንድ በላይ ሲኒ ይዘጋጃል። ቀማሹ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገር ማንኪያውን በውኃ ያጥባል፤ የቀመሰውንም አይውጠውም፤ ይተፋዋል።