ጉልበታችሁን ያሳመመው ሪህ ነው ወይስ የሳይክላችሁ መቀመጫ?

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ ሀዋሳ ላላችሁ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ሌላ ከተማ ሳይክል የምትነዱ ካላችሁ ግን አብራችሁ አንብቡት፤ ይመለከታችኋል።

በኢንቦክስ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል፤ ደረጃ ስወርድና ብዙ ተቀምጬ ስነሳ ይብስብኛል። ሪህ ይሆን እንዴ?» ይላል። እኔም መልሼ «ሥራ የምትሄደው በምንድነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከሀዋሳ የሚጽፍልኝ ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ «በሳይክል» ነው። ቀጥዬ «ሳይክልህ ላይ ተቀምጠህ እንዳለህ ሁለቱም እግርህ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ያርፋል?» እላለሁ። «አዎ፣ እንዲያርፍልኝ ብዬ ነው መቀመጫውን ዝቅ ያደረግኩት» ካለኝ፣ የጥያቄው ግማሽ መልስ እዚያው ተገኘ ማለት ነው።

ሀዋሳ ለሳይክል የተፈጠረች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሐይቁ ዳር በሜዳ ላይ የተዘረጋች ናት። ታቦርንና አላሙራን ካልወጣችሁ በቀር ዳገት የምትሉት የለም። ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ዓሣ ለመግዛት አሞራ ገደል የሚወርደው ሁሉ ይነዳል። ለጤናም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ሥራ በሳይክል የሚመላለስ ሰው ጂም ሳይከፍል 150 ደቂቃውን ሞላ። ለዚህ ነው አንድ ሰው ጉልበቱን አሞት ሳይክሉን ሸጦ ባጃጅ ሲጀምር የማዝነው። ገንዘቡም ይሄዳል፣ እንቅስቃሴውም ይቀራል፣ ጉልበቱ ደግሞ ባለመንቀሳቀስ ይባስ ይደክማል።

ለመሆኑ ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበትን ምን ያደርገዋል?

ቁጢጥ ብላችሁ ተነሱ እስቲ። ከጉልበታችሁ ፊት ለፊት፣ የጉልበት ሎሚ የምንላት ክብ አጥንት ጋ ጫና ይሰማችኋል። ጉልበት በጣም ታጥፎ ኃይል ሲያወጣ ሎሚዋ ከታፋ አጥንት ጋር በኃይል ትጫናለች። መቀመጫው ዝቅ ሲል እግራችሁ በእያንዳንዱ ዙር በጣም እየታጠፈ ይገፋል፤ ግማሽ ቁጢጥ እያላችሁ እንደመነሳት ማለት ነው። ሒሳቡን ተመልከቱ። በደቂቃ 60 ዙር ብትመቱ በ15 ደቂቃ 900 ዙር ነው። ደርሶ መልስ 1,800። ይህ በቀን ለአንድ ጉልበት ነው! ጎማው በነፋስ የተሞላ፣ ሰንሰለቱ በዘይት የራሰ ሳይክል ይዛችሁ ጉልበታችሁን ብቻ እያሻችሁ ነው።

ሕመሙ ሲመጣ የብዙ ሰው መንገድ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ «ሪህ ነው» ተብሎ ሥጋ ይቆማል። ከዚያ ፋርማሲ ተሂዶ ዳይክሎፌናክ ይገዛል። ሲሻል ይነዳል፣ ሲያም ይዋጣል፤ ወራት ያልፋሉ። እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች ለጥቂት ቀን በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። እንደ ከረሜላ ለወራት ሲዋጡ ግን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ሊያደሙም ይችላሉ። የደም ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። የሚገርመው ክኒኑ መቀመጫውን አንድ ሚሊሜትር እንኳ ከፍ አያደርገውም።

ሪህ ምን እንደሚመስል በአጭሩ ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ በድንገት፣ ሌሊት፣ በእግር አውራ ጣት መጋጠሚያ ላይ ይጀምራል። ቦታው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው አይቻልም። ጉልበትም ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔም ግን እብጠትና ትኩሳት አለው። ቀስ በቀስ የመጣ፣ ያላበጠ፣ ደረጃ ሲወርዱ ከፊት የሚያም ጉልበት ሌላ ታሪክ ነው።

እንግዲህ ወደ መፍትሔው እንምጣ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ግድግዳና አንድ ጓደኛ ነው።

ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፋችሁ ተቀመጡ፤ ጓደኛችሁ ይያዝላችሁ። ሁልጊዜ የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ። ፔዳሉን ወደ ታች መጨረሻ አውርዱና ተረከዛችሁን አስቀምጡበት። በዚህ ጊዜ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከታጠፈ መቀመጫው ዝቅ ብሏል። ተረከዙ ካልደረሰ ወይም ለመድረስ ዳሌያችሁን ካዘነበላችሁ ደግሞ ከፍ ብሏል። ከዚያ እንደ አነዳዳችሁ የፊተኛውን የእግር መዳፍ፣ ከጣቶቹ ሥር ያለውን ሰፊ ክፍል፣ ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል። የምንፈልገው ይህንን ነው፤ በዲግሪ ሲለካ ከ25 እስከ 35 አካባቢ።

ቁጥር የምትወዱ ሌላም መንገድ አለላችሁ። ባዶ እግራችሁን ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭናችሁ መሃል አስገብታችሁ ወደ ላይ ጥብቅ አድርጉት፤ ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። የተገኘውን በ0.883 አባዙ። ይህ ውጤት የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚሽከረከሩበት እምብርት እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ነው። የውስጥ እግሩ 80 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው መቀመጫው 70.6 ሴንቲሜትር ላይ ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱን ያስተዋወቀው ቱር ደ ፍራንስን እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ1989 እና በ1990 ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ሌሞንድ ነው። እንደ መነሻ ውሰዱት እንጂ እንደ ሕግ አትያዙት፤ የመጨረሻው ዳኛ ጉልበታችሁ ነው።

ለዓመታት ዝቅ አድርጋችሁ የነዳችሁ ሰዎች በአንድ ቀን 6 ሴንቲሜትር ከፍ አታድርጉት። ጡንቻና ጅማት የለመደው ሌላ ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ግማሽ ወይም አንድ ሴንቲሜትር እየጨመራችሁ ሂዱ። ሌላው ጥንቃቄ፦ የመቀመጫው ዘንግ ላይ የተቀረጸ መስመር አለ፤ ያ መስመር ከቱቦው ውጭ መታየት የለበትም። ከታየ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል። መስመሩ ላይ ደርሶም ቁመታችሁ ካልበቃው ሳይክሉ ራሱ ለእናንተ ትንሽ ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ዶክተር፣ ባጃጅ ድንገት ፊቴ ሲቆም እግሬ መሬት ካልነካ አልወድቅም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ፍርሃት ነው፤ የሀዋሳን ባጃጅ የማያውቅ ብቻ ነው የሚስቀው። መልሱ አቋቋም መለማመድ ነው። ስትቆሙ መቀመጫው ላይ አትቅሩ። ፍሬን እየያዛችሁ ከመቀመጫው ወደ ፊት ውረዱ፣ አንድ እግር ፔዳል ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ። ሰው በሌለበት ሰፊ ቦታ ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ቀን ሞክሩት፣ ይለመዳል። ገና ሚዛን የሚለማመድ ልጅ ወይም ጀማሪ ግን እግሩ መሬት እንዲነካ ዝቅ ቢል ችግር የለውም፤ ሲለምድ ከፍ ይደረግለታል።

በአንድ ሳይክል አባትም ልጅም የሚነዱበት ቤት ብዙ ነው። በየጊዜው መለካት ይሰለቻል። የእህታችሁን ጥፍር ቀለም ውሰዱና ዘንጉ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ መስመር አስምሩ። በሰዓት የምትከራዩም ከመንዳታችሁ በፊት አከራዩን «መቀመጫውን አስተካክልልኝ» በሉት፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሕመሙ ከየት እንደሆነ ማየትም ይረዳል። ከፊት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፣ ወይም ወደ መሪው በጣም ተጠግቷል፣ ወይም ማርሹ ከብዷል። ከጉልበት ኋላ፣ መታጠፊያው ላይ ከሆነ ከፍ ብሏል። ስትነዱ ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነም እንደዚያው ነው፤ ከኋላ የሚከተላችሁ ሰው አይቶ ይንገራችሁ። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከደነዘዙ መዳፋችሁ ሥር የሚያልፈው ነርቭ መሪው ላይ እየተጨፈለቀ ነው። ክርናችሁን ትንሽ አጥፉ፣ የእጅ አያያዛችሁን እየቀያየራችሁ ንዱ፣ መሪውንም ትንሽ ከፍ አድርጉት።

አሁን ደግሞ ወንዶች በኢንቦክስ ብቻ፣ ያውም በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ ጉዳይ አለ። ከነዱ በኋላ ብልት አካባቢ መደንዘዝ። ሴቶችም ይገጥማቸዋል፣ ግን ጭራሽ አይጠይቁም። የመቀመጫው አፍንጫ ወደ ላይ ሲቀና በዚያ ቦታ የሚያልፉትን ነርቮችና የደም ሥሮች ይጫናል። መቀመጫውን ልክ እንደ ጠረጴዛ ለጥ አድርጉት። ረጅም መንገድ ከሆነ በየ10 ደቂቃው ለጥቂት ሰከንድ ከመቀመጫው ተነሱ። መደንዘዙ ከወረዳችሁ በኋላ ቶሎ ካልጠፋ ወይም ከተደጋገመ መቀመጫውን ለውጡ፣ ሐኪምም አማክሩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ስለ ማርሽ ከማውራቴ በፊት ትንሽ ራቅ ያለ ምሳሌ ልስጥ። ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎች ዱላ ሲመርጡ ዘንጉ ምን ያህል እንደሚለመጥ ይጠይቃሉ። ከለስላሳ እስከ በጣም ጠንካራ ደረጃ አለው። በፍጥነት የሚመታ ሰው ጠንካራውን፣ ቀስ ብሎ የሚመታ ሰው ለስላሳውን ይይዛል። ጉልበተኛ ለመምሰል ጠንካራውን የገዛ ኳሱ ዝቅ ብሎ አጭር ቦታ ይወድቅበታል። የሳይክል ማርሽም እንዲሁ ነው። ከባድ ማርሽ አስገብቶ ቀስ እያለ በኃይል የሚጨፈልቅ ሰው ጎበዝ ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን ይከፍላል። ቀለል ያለውን አስገቡና እግራችሁ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ዙር እንዲሽከረከር አድርጉ። ማርሽ የሌለው ሳይክል ከሆነ ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት ውርደት አይደለም። ሰው ወይም እቃ ኋላ ጭናችሁ ስትነሱም ያው ነው፤ ያንን የመጀመሪያ ግፊት የሚሸከመው ጉልበት ነው።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ከቀለሙ በፊት ቁመቱን እዩ። ሳይክሉን በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ቁሙ፤ ከላይኛው ብረት እስከ ሰውነታችሁ ቢያንስ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ክፍተት ይኑር። ቀሚስ የምትለብሱ እህቶች የላይኛው ብረቱ ዝቅ ያለውን ብትመርጡ ለመውጣትም ለመውረድም ይቀላችኋል። ለወላጆች አንድ ነገር፦ ጫማ «እንዲያድግበት» ተብሎ ሰፊ ይገዛል፤ ሳይክል ግን እንደዚያ አይገዛም። ፍሬኑ ላይ እጁ የማይደርስ ልጅ ትልቅ ሳይክል ላይ ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ መታየቱ የጉልበት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ሄልሜትም ለልጅም ለአዋቂም።

አንዳንዴ ሳይክሉ ተስተካክሎም ጉልበት አይሻለውም። ካስተካከላችሁ በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት መንዳቱን ቀነስ አድርጉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ለውጥ ከሌለ ታዩ። ቀን የማይሰጠው ግን አለ፦ ጉልበቱ አብጦ ቀልቶ ትኩሳት ካለው፣ ከወደቃችሁ በኋላ መርገጥ ካቃታችሁ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ እረፍት ላይ ሆናችሁም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ከሆነ፣ ወይም የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ ካመማችሁ ያን ዕለቱን ጤና ተቋም ሂዱ። በእነዚህ ምልክቶች ላይ ማስታገሻ እየዋጡ መቆየት፣ ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸትም አይሆንም።

የውስጥ እግራችሁን ለክታችሁ ቁጥሩ ግራ ካጋባችሁ ኮሜንት ላይ ፃፉልኝ፤ የመቀመጫችሁን ከፍታና ሕመሙ በየት በኩል እንደሆነ ጨምሩበት። ማታ ማታ እመልሳለሁ።