ከኮምፒውተሩ በፊት የሚመረጠው ጉልበት

የሰሜን ሸዋው የቀወት ገበሬ ከጉልበቱ ብዙ ይፈልጋል። ሽንኩርት ይኮተኩታል፣ ማሾ ይለቅማል፤ ሙስሊሙ ለሶላት፣ ክርስቲያኑ ለስግደት ይንበረከካል፤ ቤቱ ሲገባም አጭር በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ካርቲሌጅ የሚባለው የአጥንት ሽፋን ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው የጉልበቱ የውስጥ ጎን ነው። ጉልበት ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ የተጎዳውን ብቻ በብረትና በፕላስቲክ መተካት ይቻላል፤ ይህም ከፊል ቅየራ ይባላል። ጅማቶቹ በቦታቸው ስለሚቀሩ ማገገሙ ይፈጥናል፤ ጉልበቱም ከሙሉ ቅየራ ይልቅ የበለጠ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ የወጣው የእንግሊዝ ጥናት 528 ሕሙማንን ለአምስት ዓመት ተከታትሎ የሁለቱ ቅየራዎች ውጤት ተቀራራቢ፣ የከፊሉ ወጪ ግን ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ከፊል ቅየራ ለእንዲህ ያለው ኑሮ ትልቅ ተስፋ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚመራው ኮምፒውተር ግን መቅደም የለበትም እላለሁ።

የኮምፒውተሩ አሠራር ይህን ይመስላል። በጭንና በቅልጥም አጥንት ላይ ምልክቶች ይተከላሉ፤ ኢንፍራሬድ ካሜራ ይከታተላቸዋል። ሐኪሙ እግሩን ሲያዞር መሣሪያው የዳሌውን መገጣጠሚያ መሃል ያሰላል፤ ከዚያ ሐኪሙ የአጥንቱን ነጥቦች በዘንግ እየነካ ያስመዘግባል፤ አጥንቱ በስንት ዲግሪ እንደሚቆረጥም ስክሪኑ ላይ ይታያል። ይህ ዘዴ በፈረንሳይ ግረኖብል እ.ኤ.አ. በ1997 ለሙሉ ቅየራ ሥራ ላይ ውሏል። አቆራረጡ ከታሰበው ማዕዘን እንዳይርቅ መርዳቱን ጥናቶች ያሳያሉ፤ ሕመምተኛው ከዓመታት በኋላ የተሻለ መራመዱን ግን በዚያው ልክ አላረጋገጡም።

«ልምድ ያነሰው ሐኪም ነው ማሽኑ ይበልጥ የሚያስፈልገው» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ክብደትም አለው። ሆኖም ነጥቦቹን የሚነካው የሐኪሙ እጅ ነው፤ ቦታውን ከሳተ ኮምፒውተሩ ስህተቱን አምኖ ያሰላል። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማቱ የተበጠሰበትን ወይም ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበትን ሰው ለይቶ ሌላ ሕክምና መምረጥም የማሽን ሥራ አይደለም። የእንግሊዝ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ እንደሚያሳየው ከሚሠሩት የጉልበት ቅየራ ቢያንስ አንድ አምስተኛው ከፊል የሆነላቸው ሐኪሞች ካከሟቸው ሕሙማን ድጋሚ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ያንሳሉ። ስለዚህ የውጭ ምንዛሪው ውስን በሆነበት አገር፣ ቅየራውን በተወሰኑ ሆስፒታሎች አሰባስቦ ጥቂት ሐኪሞች ደጋግመው እንዲሠሩት ማድረግ ይቅደም። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ቢመጣ እጁ የሠለጠነ ሐኪም ይጠብቀዋል።

ከቀወት አካባቢ፣ ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ለጉልበቱ ሕክምና ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ጠቃሚ ነገር ቆሞ የሚነሳው ራጅ ነው። ተኝቶ የተነሳው ብዙ ጊዜ የጠበበውን ክፍተት ይደብቃል፤ የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ግን የትኛው ጎን እንዳለቀ ይታያል።