የሰው ወርቅ ያደምቃል ወይ? የምርኮ ታንክ በጦር ሜዳና በልጆች ጨዋታ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል የአገራችን ሰው። የሰው ታንክስ? በጦርነት ታሪክ ውስጥ ከጠላት እጅ የተማረከ ታንክ ቀለሙ ተለውጦ፣ መድፉ ተነቅሎ ሌላ መድፍ ተተክሎበት፣ ትናንት ያገለግለው በነበረው ጦር ላይ ዛሬ አፈሙዙን ያዞረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ ታሪክ ለብዙ ዘመን በመጻሕፍት ገጽና በአዛውንት ወታደሮች ጨዋታ ተወስኖ የኖረ ሲሆን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በስልክና በኮምፒዩተር አማካይነት ከልጆቻችን እጅ ገብቷል።

እዚህ በጅቡቲ ከተማ በፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ስሙን ወደ አማርኛ ስንመልሰው በ«እባብ አምባ»፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት የሐሩር ወራት ቀትሩ ከቤት አያስወጣም። ልጆች መስኮት ዘግተው፣ ማራገቢያ ከፍተው የታንክ ጨዋታ ሲጫወቱ ይውላሉ። የአንዱን ታንክ የብረት ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የሌላውን መድፍ በካሊበር ቆጥረው ይናገራሉ። «አባባ፣ ይኼ የተማረከ ነው፤ ከሌላው ይበልጣል» ብለው ሲጠይቁ የሚመለስላቸው ቃል ሊኖር ይገባል። የዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማቀበል የተዘጋጀ ነው።

ምርኮ በጨዋታው ገበታ ላይ

ወርልድ ኦፍ ታንክስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ ዋር ተንደር የተባለው ደግሞ በአውሮፕላን ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የምድር ተሽከርካሪዎችን ጨምሯል። በሁለቱም ውስጥ ታንኮች በየሠሪ አገራቸው ተርታ ተሰልፈው ይገኛሉ። ከተርታው ወጣ ብለው የሚታዩት ግን የምርኮዎቹ ናቸው።

በጀርመን ተርታ ውስጥ ቲ-34 747 አር የተባለ ታንክ ይገኛል፤ የመጨረሻዋ ፊደል መነሻው ሩሲያዊ መሆኑን ታመለክታለች። በዚያው ተርታ ውስጥ ከሶቪየት ጦር የተማረከና የጀርመን 75 ሚሊ ሜትር መድፍ የተተከለበት ኬቪ-1 አለ። በሶቪየት በኩል ኤስዩ-76 አይ ይገኛል፤ እግሩና ሆዱ የጀርመን፣ መድፉ የሶቪየት ነው። በእስራኤል ተርታ ደግሞ ከአረብ ጦሮች ተማርኮ መድፉ የተለወጠው ቲራን 4 ኤስ ተሰልፏል።

ለተጫዋቹ እነዚህ ታንኮች ብርቅ ጌጥ ናቸው። በአንድ ጣት ይመረጣሉ፤ ጥይታቸው ተሟልቶ፣ ነዳጃቸው ሞልቶ፣ ሠራተኛቸው ተቀምጦ ይቀርባሉ። በእውነተኛው ዓለም ግን የምርኮ ታንክ ታሪክ የሚጀምረው ጨዋታው ዝም ብሎ ካለፈው ነገር ነው።

ከደምበጊና የተገኘ ትምህርት

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ፣ በሽሬ በኩል በደምበጊና መተላለፊያ ላይ በሻለቃ ክሪኒቲ ከሚመራው የኢጣሊያ ጦር ጋር ተገናኘ። ከኢጣሊያ ወገን ዘጠኝ ትንንሽ ታንኮች ነበሩ። እነዚህ ታንኮች ክብደታቸው ከሦስት ቶን ብዙም የማይበልጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ የሚዞር ጉልላት የሌላቸውና ፊት ለፊት በተተከለ መትረየስ የሚዋጉ ናቸው። መትረየሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው በመጠኑ ነው።

የልዑል ራስ እምሩ ወታደሮች ይህን ጉድለት በዓይናቸው አይተው ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከፊት መጋፈጡን ትተው በጎንና በኋላ ዞሩባቸው። ድንጋያማውና ጠባቡ መንገድም ታንኮቹ እንዳይተጣጠፉ አገዳቸው። በዚያን ዕለት ዘጠኙም ታንኮች ከኢጣሊያ እጅ ወጡ። ጠመንጃና ጎራዴ የያዘ እግረኛ ብረት ለበስ መሣሪያ ድል የመታበት ቀን በመሆኑ በታሪክ ሲነሣ ይኖራል።

ታዲያ ዘጠኝ ታንክ የማረከ ጦር በማግሥቱ ለምን የታንክ ጦር አልሆነም? መልሱ አጭር ነው። ከጎጃም ተነሥቶ በእግርና በበቅሎ ሽሬ የደረሰ ጦር የነዳጅ ቦቴ፣ የመለዋወጫ መጋዘንና የሠለጠነ ታንከኛ ይዞ አልተጓዘም። ታንኩ በእጅ ገባ፤ ታንኩን ታንክ የሚያደርገው ነገር ግን በጠላት መጋዘን ቀረ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በታኅሣሥ ወር አጋማሽ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ ዳርቻ በዚሁ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ አወረዱ። ከደምበጊና ድል በኋላ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚህችው ከጅቡቲ ወደብ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ።

የሚያስገርመው፣ ያ የደምበጊናው ዓይነት ትንሽ ታንክ ዛሬ በዋር ተንደር ውስጥ መኖሩ ነው። ኤል-3 ተብሎ በኢጣሊያ ተርታ ቆሟል። መትረየሱ ደካማ ሆኖ በመገኘቱ ኢጣሊያኖች ራሳቸው በሰሜን አፍሪካ በ20 ሚሊ ሜትር የሶሎቱርን ፀረ ታንክ ጠመንጃ ያስታጠቁት ነው። ኢትዮጵያ በጨዋታው ውስጥ የራሷ ተርታ ስለሌላት፣ ያንኑ ታንክ የማረኩት ሰዎች ግን በዚያ አይታዩም። ልጅዎ ይህን ታንክ ሲመርጥ የደምበጊናን ስም ቢነግሩት፣ ጨዋታው የተወውን ገጽ ሞሉለት ማለት ነው።

መድፉ ለምን ይለወጣል?

ልጆች መድፍ የሚለወጠው ታንኩን ለማጠንከር ብቻ ይመስላቸዋል። ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ጥይት ነው። ለ100 ሚሊ ሜትር መድፍ የተሠራ ጥይት በ90 ሚሊ ሜትር መድፍ ውስጥ አይገባም። የማረከው ጦር የጠላትን መድፍ ለመመገብ የጠላትን ጥይት በየቀኑ መማረክ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ወይ የራሱን መድፍ በታንኩ ላይ ይተክላል፣ ወይም የጠላትን መድፍ ቀይሮ የራሱን ጥይት እንዲጎርስ ያደርገዋል።

ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁለቱንም አድርገዋል። ከሶቪየት ጦር በብዛት የማረኩትን 76.2 ሚሊ ሜትር መድፍ የጥይት ማደሪያውን አስፍተው የራሳቸውን ረጅም ቀለህ እንዲቀበል ካደረጉ በኋላ፣ በቼክ ሥሪት ታንክ ሆድ ላይ ጭነው ማርደር የተባለውን ፀረ ታንክ ተሽከርካሪ ሠሩ። የአንዱ አገር ሆድ፣ የሌላው አገር መድፍ፣ የሦስተኛው አገር ሠራተኛ በአንድ መኪና ላይ ተገናኙ።

ሶቪየቶችም እ.ኤ.አ. በ1943 ከጀርመን የማረኳቸውን ፓንዘር 3 ታንኮች የሚዞረውን ጉልላት አውርደው፣ በቦታው የብረት ክፍል በየዱ፤ 76.2 ሚሊ ሜትር መድፍ ተከሉበት። ኤስዩ-76 አይ የተባለው ይህ ነው። 201 ያህል ተሠርተዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ግን ከግንባር እየተነሡ ወደ ማሠልጠኛ ተላኩ፤ የጀርመን ሞተርና ሰንሰለት መለዋወጫ ከየት ይመጣል? መድፉ ተለውጦ የጥይቱ ችግር ሲቃለል የሆዱ ችግር ባለበት ቀረ።

በዚህ ረገድ ብዙ የተሳካላቸው እስራኤሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስድስቱ ቀን ጦርነት በመቶ የሚቆጠሩ ቲ-54 እና ቲ-55 ታንኮች ማረኩ። ቲራን የሚል ስም ሰጥተው፣ የብዙዎቹን 100 ሚሊ ሜትር መድፍ አንሥተው ሌሎቹ ታንኮቻቸው የሚጠቀሙበትን 105 ሚሊ ሜትር መድፍ ተከሉ። በዚህም አንድ መጋዘን ሁሉንም ለመመገብ ቻለ። የተሳካላቸው ምርኮው ብዙ ስለነበረ፣ ከበስተጀርባውም የተሟላ የጥገና ክፍል ስለነበራቸው ነው።

ቀይና አረንጓዴ ምልክት በሌለበት

በብዙዎቹ የጨዋታ ዓይነቶች ወዳጅና ጠላት በቀለም ተለይቶ በታንኩ ራስ ላይ ይጻፋል። በእውነተኛው ሜዳ ግን አቧራ፣ ጭስና ድንጋጤ ነው ያለው። ተኳሹ ሌላውን ታንክ የሚለየው በቅርጹ ነው፤ የምርኮ ታንክ ቅርጹ የጠላት ነው። ስለዚህ የምርኮ ታንክ ነጂ ከጠላት ይልቅ የገዛ ወገኑን የሚፈራበት ጊዜ አለ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1941 አውስትራሊያውያን ወታደሮች በሊቢያ ቶብሩክን ሲያጠቁ ከኢጣሊያ በማረኳቸው ታንኮች ተጠቅመዋል። በእያንዳንዱ ላይ ትልቅ ነጭ ካንጋሮ ሥለውበት ነበር። ዛሬ ፎቶግራፉን ያየ ሰው ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ያ ሥዕል ግን የሰው ሕይወት መድን ነበር።

በእኛም አካባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ማለቂያ የኦጋዴን ጦርነት ሲጀመር የኢትዮጵያ ጦር የአሜሪካ ሥሪት ኤም-41 እና ኤም-47፣ የሶማሊያ ጦር ደግሞ የሶቪየት ሥሪት ቲ-34፣ ቲ-54 እና ቲ-55 ታንኮች ነበሩት። ሶቪየት ኅብረት ድጋፏን ወደ ኢትዮጵያ ካዞረች በኋላ ግን በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ታንክ ተሰለፈ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጦር እጅ ስትወጣ ጦርነቱ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበር። መሣሪያው አንድ ሲሆን ምርኮን መጠቀም ይቀላል፤ ወገንን ከጠላት መለየት ግን በዚያው ልክ ይከብዳል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም.፣ በአፋቤት ውጊያ ሻዕቢያ ከኢትዮጵያ ጦር በርካታ ታንኮችና መድፎች ማርኮ የራሱን ታንከኛ ክፍል አጠናከረበት። በአስመራ አጠገብ የተከመረው የዛገ ብረት የእነዚያ ዓመታት ቅሪት ነው።

በዚያ ክምር ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቲ-55 የአራት ሰው መቀመጫ ነበረው፤ የአዛዥ፣ የተኳሽ፣ የነጂና የጥይት አጉራሽ። ታንክ «ተማረከ» ሲባል አራት ሰዎች ወይ ሞቱ፣ ወይ ቆሰሉ፣ ወይ እጃቸውን ሰጡ፣ ወይም ጥለውት ወጡ ማለት ነው። በጨዋታው ውስጥ የተጎዳው ሠራተኛ ለሚቀጥለው ዙር ድኖ ይቀርባል። የወታደር ልጅ ይህን ልዩነት ከማንም በፊት ከቤቱ ሊሰማው ይገባል፤ ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ሰውን ከብረት አስቀድሞ መቁጠር እንዲለምድ ነው።

በቤት የሚሠራ የምርኮ ታንክ ጨዋታ

ጨዋታውን መከልከል ልጁን ከጎረቤት ቤት ማስቀመጥ ይሆናል። የሚሻለው አብሮ መቀመጥና ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፦ ይህ ታንክ መጀመሪያ የማን ነበር? ጥይቱ ከየት ይመጣል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

መብራት ሲጠፋ ወይም የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ደግሞ ከአሮጌ ካርቶን 44 ካርታዎች ቆርጣችሁ የሚከተለውን መጫወት ትችላላችሁ። ከሁለት እስከ አራት ሰው ይጫወተዋል። በስምንቱ ላይ ታንክ፣ በስምንቱ ላይ ነዳጅ፣ በስምንቱ ላይ ጥይት፣ በስምንቱ ላይ መለዋወጫ፣ በስምንቱ ላይ ሠራተኛ፣ በቀሩት አራት ላይ መለያ ምልክት ሣሉ።

ካርታው ተበውዞ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አምስት አምስት ይታደላል። ተራ የደረሰው ሁለት ያነሣል፤ የፈለገውን ያህል ከፊቱ ይዘረጋል፤ ተራው ሲያልቅ ከሰባት በላይ በእጁ መያዝ አይችልም፤ ትርፉን ይጥላል። የወደቁት ካርታዎች ክምሩ ሲያልቅ ተበውዘው ይመለሳሉ። አንድ ታንክ ነዳጅ፣ ጥይት፣ መለዋወጫና ሠራተኛ ካልተሟላለት የቆመ ነው። ተንቀሳቃሽ ታንክ ያለው ሰው በተራው አንዱን የነዳጅ ካርታ ጥሎ የሌላውን የቆመ ታንክ ይማርካል። ከምርኮው ጋር የነበሩት ካርታዎች ሁሉ ይወድቃሉ፤ ማራኪው ባዶውን ታንክ ብቻ ይወስዳል። የምርኮ ታንክ እንዲንቀሳቀስ ከአራቱ በተጨማሪ መለያ ምልክት ያስፈልገዋል። ሁለት ተንቀሳቃሽ ታንኮች፣ ከእነርሱም አንዱን የምርኮ አድርጎ ቀድሞ ያቆመ ያሸንፋል።

ልጆች ጥቂት ዙር እንደተጫወቱ አንድ ነገር ይገባቸዋል፤ ለመማረክ አንድ ካርታ ይበቃል፣ ምርኮውን ለማስነሣት ግን አምስት ካርታ ይጠይቃል። ግንባር የሚዋጋውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል። በቅባት የጨቀየ ቱታ ለብሶ የተሰበረ ሰንሰለት የሚጠግነውን መካኒክ፣ ሌሊት ነዳጅ የሚያመላልሰውን ሾፌር፣ በመጋዘን ጥይት የሚቆጥረውን ባልደረባ ግን ጨዋታም ዜናም ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። የእነዚህ ሰዎች ልጆች በየቤታችን አሉ። አባታቸው የያዘው ካርታ የትኛው እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ያለ እርሱ ታንኩ እንደማይነሣ አሁን ያውቃሉ።