የበዓል ማግስት ዕዳ

በጌዴኦ ዞን፣ ዲላ ከተማ ላይ በዓል ሲቃረብ የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አስቀድማ የምታስበው ስለ ከሰል ነው። ቡናው ሩቅ አይደለም፤ አገሩ የይርጋጨፌ አገር ነው። ከሰሉ፣ ስኳሩ፣ ተጨማሪው ሲኒና በርጩማው ግን ጥሬ ብር ይጠይቃሉ። ብሩ ከዕቁብ ይወጣል፣ ከዘመድ ይለመናል፣ ካልሆነም ከባለሱቅ በዱቤ ይያዛል። እንግዲህ በበዓሉ ዋዜማ፣ ገና አንድ ሲኒ ሳትቀዳ፣ ሴትየዋ ባለዕዳ ናት።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለዕለቱ ብቻ 3 ሺህ ብር ብታወጣና ሲኒውን በ20 ብር ብትሸጥ፣ ወጪዋን የምትመልሰው 150 ሲኒ ስትሸጥ ነው። አንድ ጀበና 8 ሲኒ ቢቀዳላት 19 ጊዜ መጣድ አለባት። ለአንዱ ጀበና ሩብ ሰዓት ብንሰጠው፣ በአንድ ምድጃ ወደ 5 ሰዓት የሚጠጋ ያላቋረጠ ሥራ ነው። ትርፍ የሚባለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አሁን ጠዋት 3 ሰዓት የተባለው ፕሮግራም እንግዶች አልደረሱም ተብሎ 6 ሰዓት ላይ ቢጀመርስ? በሩ ተዘግቶ ሕዝቡ ውጭ ቢቆም፣ ወይም እሷ በአንዱ በር ተቀምጣ ሕዝቡ በሌላው ቢወጣስ? ለአዘጋጁ የ3 ሰዓት መዘግየት በይቅርታ ያልፋል። ለእሷ ግን የቀኑ ትርፍ በሙሉ ሄደ ማለት ነው፤ አንዳንዴም መነሻዋ ጭምር።

ደራሮ፣ የጌዴኦ ዘመን መለወጫ፣ በጥር ወር ግድም የሚከበር የምስጋና በዓል ነው። የቡና ለቀማው አልቆ ሰው እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ የሚይዝበት ወቅት ስለሆነ፣ ለጉሊት ነጋዴ ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ተስፋ የሚጣልበት ነው። በወጉ ሕዝቡ ስጦታውን ይዞ አባ ገዳው ዘንድ ይሄዳል፣ ፈጣሪውን ማጌኖን ያመሰግናል፤ ገዝቶ መብላት የሥርዓቱ አካል አይደለም። በዓሉ ወደ ከተማ ሜዳ ሲወጣና ከሐዋሳ፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲጠራበት ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚራብና የሚጠማ ሕዝብ። ይህን ሕዝብ የሚያበላና የሚያጠጣ ጉሊት ነው። ጉሊቱ ግን ለድንኳን፣ ለድምፅ ማጉያና ለባነር በሚወጣው በጀት ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ሊኖረው ይገባል ብሎ የሚከራከርለት ሰው ብዙ አይደለም።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይከብዳል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ትልልቁ ዛፍ ከላይ፣ እንሰቱ ከዛፉ ጥላ፣ ቡናው ከእንሰቱ ሥር፤ በተራራው ጫፍ ላይ ደግሞ የጥንቱ ትክል ድንጋይ። ይህን ያቆየው ገበሬው ነው። እንሰቱን ፍቀውና አብላልተው ቆጮና ቡላ የሚያደርጉት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ዞኑ በገጠር የሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ቀዳሚዎቹ አንዱ ስለሆነ፣ ለልጅ የሚተርፍ መሬት ጠብቧል። መሬት ያልደረሰው ወጣት ወደ ዲላ ወርዶ አናናስ፣ አቮካዶና ሙዝ ይዞ መንገድ ዳር ይቆማል። ያ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው ነው፤ ለብዙዎች ገበያቸው እሱ ነው። ለበዓል ሰልፍ ሳይነገራቸው ሲዘጋ፣ ሜዳው አጠገብ ያልደረሱትም ነጋዴዎች ይከስራሉ። የበሰለ ሙዝ ደግሞ ነገን አይጠብቅም።

ቅርስ መመዝገብ ሕዝብ ይጠራል፤ ዝግጅት ግን አብሮ አይመጣም። ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነበር። ከወር በኋላ፣ ጥር 11 ቀን፣ ጎንደር በፋሲል መዋኛ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። ከሰው ሕይወት ጋር የሚወዳደር ኪሳራ የለም፤ እኔም አላወዳድርም። የማነሳው የዝግጅት ጉድለት ዕዳ የሚወድቅባቸው አስቀድሞ ሐሳባቸው ባልተጠየቀ ሰዎች ላይ መሆኑን ለማሳየት ነው።

የጌዴኦ ነጋዴ ደግሞ መነሻውን ሲያጣ ይህ የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ የተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አፈናቀለ። ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ ወደ ጌዴኦ የገቡ ነበሩ፤ ቤትና ማሳ ጥለው ባዶ እጃቸውን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኮሮና መጣ፤ ስብሰባ ታገደ፣ በዓል ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ ከሲኒ ከሲኒ ተጠራቅሞ የቆመ መነሻ በአንድ ቀን ዝርክርክነት ሲፈስ ማየት ያንገበግባል።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሳልቫዶር ሴቶች አሳይተዋል። በዚህች የብራዚል ከተማ አካራዤ የሚባለውን፣ ከጥራጥሬ ሊጥ ተሠርቶ በዘይት የሚጠበስ ምግብ በነጭ ልብሳቸው አምረው ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ የፊፋ ደንብ ከስታዲየሙ ዙሪያ ሊያርቃቸው ነበር። በማኅበራቸው ተሰባስበው ፊርማ አሰባሰቡ፣ ጮኹ፤ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ስታዲየሙ ሲከፈት በግቢው ውስጥ የመሸጥ ፈቃድ አገኙ። የከተማቸው ጣዕም እነሱ እንደሆኑ አስረዱ። የዲላ ቡና አፍዪዎችስ ከዚህ በምን ያንሳሉ?

ከበዓሉ አዘጋጆች የሚጠየቀው ገንዘብ እንኳ ብዙ አይደለም። ቦታና ሰዓት ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይነገር፤ ከሰል ከመገዛቱ በፊት ማለት ነው። የመቀመጫው ቦታ በኖራ ይሰመር፣ በቁጥር ይሰጥ፣ በዕለቱ ማለዳ ደንብ አስከባሪ መጥቶ የማያነሳው ይሁን። ክፍያ ካለ በደረሰኝ ይሁን፤ በዓሉ ከተሰረዘም ይመለስ። ውኃና መጸዳጃ ቤት ቅርብ ይሁን፤ ሲኒ የምታጥበው ሴት ከማለዳ እስከ ማታ እዚያው ነችና። መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ከመናኸሪያ አካባቢ ላሉትም ይነገራቸው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በበዓሉ ኮሚቴ ውስጥ ከጉሊት የመጣች አንዲት ሴት ትቀመጥ። ሕዝቡ በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጠማው፣ ዝናብ ቢመጣ ወዴት እንደሚሸሽ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የምትጠራበት ጊዜም ቡናው ገና በሚለቀምበት በኅዳር ነው።