መመሪያ ከማዕከል፣ አፈጻጸም ከየመንደሩ

አንድ መመሪያ ከማዕከል ወጥቶ ወደየአካባቢው ሲወርድ ከሁለት ዕጣዎች አንዱ ይገጥመዋል፤ ወይ ከሰፊው ሕዝብ ኑሮ ጋር ተዋሕዶ ሥር ይሰዳል፣ ወይም በግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ወረቀት ይሆናል። በቻይና ቆሻሻን ለይቶ የመጣል ሥርዓት የተስፋፋበት ሂደት ይህንኑ በተጨባጭ ያረጋግጥልናል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ቤይጂንግና ሻንጋይ የሚገኙባቸው ስምንት ከተሞች ለሙከራ ተመረጡ። በርሜሎች ቆሙ፤ ቅስቀሳም ተካሄደ። ይሁን እንጂ ነዋሪው የለየውን ቆሻሻ በብዙ ቦታ መኪናው መልሶ ስለደባለቀው የሕዝቡ ድካም ከንቱ ሆነ፤ ሙከራውም የታሰበውን ፍሬ አላፈራም።

በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ጂንኋ ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሥርዓቱን ወደ ገጠር ስታወርድ ገበሬውን በመደብ ብዛት አላስጨነቀችም። የሚጠበቅበት የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው መለየት ብቻ ሆነ። የማይበሰብሰውን የሚሸጥና የማይሸጥ ብሎ መለየት የመንደሩ ጽዳት ሠራተኛ ድርሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ማዕከላዊው መንግሥት 46 ከተሞች ሥርዓቱን በግዴታ እንዲጀምሩ ዕቅድ አወጣ። የሻንጋይ ደንብ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2019 ሥራ ላይ ዋለ። ቆሻሻው በአራት መደብ ተከፈለ፤ ለይቶ አልጥልም ያለ ግለሰብ ከ50 እስከ 200 ዩዋን እንዲቀጣ፣ ሰብሳቢውም የለየለትን ቆሻሻ እንዳይደባልቅ ተደነገገ። በየሰፈሩ የመጣያ ሰዓት በመወሰኑ ግን በፈረቃ የሚሠራው ወዝ አደር ተቸገረ። ስለዚህ በርካታ ሰፈሮች ሰዓት ላለፈበት ሰው የሚሆን ተጨማሪ ቦታ አዘጋጁ።

ቤይጂንግ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 2020 ያጸናችው ደንብ ከሻንጋይ የቃል በቃል ግልባጭ አይደለም። ሻንጋይ «እርጥብ» የምትለውን ቤይጂንግ «የወጥ ቤት ቆሻሻ» ትለዋለች። ጥፋተኛው በመጀመሪያ ይመከራል፤ እምቢ ካለ በጽሑፍ ይጠነቀቃል፤ ከደገመ ይቀጣል። በፈቃዱ በሰፈሩ የአገልግሎት ሥራ ከተሳተፈ ግን ከቅጣቱ ነፃ ይሆናል።

ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። ስያሜው፣ ሰዓቱና የቅጣቱ ዓይነት እንደየአካባቢው ተጨባጭ ሁኔታ ሊለወጥ ይችላል፤ ሊለወጥም ይገባዋል። አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም፤ ሕዝብ የለየው እስከ መጨረሻው ተለይቶ መድረስ አለበት። ይህን የሚያውቀው ከሁሉ በፊት በርሜሉ አጠገብ የሚኖረውና የሚሠራው ሰው ነው። በመሆኑም የነዋሪው ማኅበርና የጽዳት ሠራተኛው ድምፅ መመሪያው ከተጻፈ በኋላ ሳይሆን ሲጻፍ ሊደመጥ ይገባል እንላለን።